ካስማ የማይገባበት ፓርኪንግ

የሕንፃችን የፓርኪንግ ማሻሻያ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኜ የተመረጥኩት መኪና ስለሌለኝ ነው። ለመቀለድ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። «አቶ በላቸው መኪና ስለሌላቸውና ወደፊትም ይኖራቸዋል ተብሎ ስለማይታሰብ ከአድልዎ ነጻ ናቸው» ይላል። አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

ሰላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቻለሁ። አውቶብሱ ጋራዥ ያድራል፣ እኔ በእግሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ስለዚህ መኪና ማቆሚያ ማጣት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ችግር ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን የራሴ የምለው ሥራ አልቆ የሌላ ሰው ችግር ብቻ ቀረኝ። ያንን ደግሞ በሙሉ ልቤ ያዝኩት።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ መሃሉ ሜዳ ነው። ሜዳው ፓርኪንግ ይባል ነበር፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። በየክረምቱ ቢያንስ አንድ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጥና ሱሪያችንን ሰብስበን እንገፋለን። ለሚመለከተው ሁሉ አመለከትን፤ የሚመለከተው ሁሉ መጥቶ ተመልክቶ ሄደ። በመጨረሻ አርባ ስምንት አባወራ ተሰብስቦ «በቃ፣ ራሳችን እንሥራው» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ የውሃ መውረጃ ቆፈርን፣ ጠጠር አለበስን፣ ከዚያ ሜዳውን እየከፋፈልን ኮንክሪት ማፍሰስ ጀመርን።

ከሁሉም ሰው አቶ ክፍሌን መቼም አልረሳውም። ምድር ቤት የሚኖር፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሳ የከለከለው ሰው ነው። እሱ ግን ወንበሩን አውጥቶ፣ ወንፊቱን በሁለት እንጨት መሃል በገመድ አንጠልጥሎ፣ ቁጭ ብሎ አሸዋ ይነፋል። እሱም እንደኔ መኪና የለውም።

«አንተን ምን አገባህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዘነበች ጭቃውን በጫማዋ ይዛ እየገባች ምንጣፌን ጨረሰችው» አለኝ ሚስቱን እያማ፤ መንፋቱንም ቀጠለ።

እኔ በበኩሌ አልነፋሁም። እኔ ፕላን አወጣሁ። በትልቅ ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት መኪና በቁጥር በቁጥር አሰለፍኩ። ለሞተር ሳይክል ቦታ፣ ለቆሻሻ ገንዳ ቦታ፣ ለእንግዳ መኪና ሁለት ቦታ። አሥራ ስድስት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፍኩና በየደረጃው ለጠፍኩ። ልጆቹ «ሚኒስትሩ» ይሉኝ ነበር። እንደ ስድብ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

ባለቤቴ እልፍነሽ ፕላኑን በመነጽሯ አየችውና «ለእኔስ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«አንቺ መኪና አይደለሽም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ብሆን ኖሮ ትንከባከበኝ ነበር።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ቅዳሜ ነው። የመጨረሻው ቀን ነው። የቀረን ከምዕራቡ ሕንፃ ደረጃ ፊት ለፊት ያለው ቁራጭ መሬት ብቻ ነበር፤ የሜዳው ሌላው ክፍል ኮንክሪት ከደረቀ ሳምንታት አልፈዋል፣ ቢጫ መስመሩንም በእጄ ቀብቼበታለሁ። ከንጋት ጀምሮ ስናቦካ፣ በባሬላ ስናመላልስ፣ ስንደለድል ቆየንና አምስት ሰዓት ላይ ጨረስን። ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ቆሞ ሥራውን ያያል። እኔ በጣውላ ላይ እየተንሸራሸርኩ በረዥም እንጨት ፊቱን አስተካክላለሁ፤ ማለትም የተስተካከለውን አበላሻለሁ።

እልፍነሽ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ብቅ አለች።

«በላቸው!»

«ሥራ ላይ ነኝ!»

«ክፍሌ አረፈ።»

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ይመለሳል ብለን ነበር፤ ወንፊቱ እንኳ እንደተንጠለጠለ ነው። ስደነግጥ ጣውላውን ሳትኩና ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ኮንክሪቱ ውስጥ ገባ። እግሬን ሳወጣ ጫማዬ እዚያው ቀረ። በአንድ ካልሲ ቆሜ «ነፍሱን ይማር» አልኩ። ሌላውም ሰው አለ። ማንም ስለ ጫማው አላነሳም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ፒክአፕ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። ከላዩ ኦቦ ገመቹ ወረዱ። የእድሩ ድንኳን ተካይ ናቸው፤ ሕንፃው ሳይቆም በፊት ይህ ሜዳ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። በአንድ እጃቸው የብረት ካስማ፣ በሌላው መዶሻ ይዘው መጡ። ወደ ደረቁ ኮንክሪት አዩ። ወደ እርጥቡ አዩ። ወደኔ አዩ።

«ጋሼ፣ የት ልትከል?»

እኔም ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁ።

አንባቢዬ፣ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በዚህ ሜዳ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ሁልጊዜ። ማንም አዋጅ ሳያወጣለት፣ ሟቹ ከየትኛው ፎቅ ቢሆን፣ ድንኳኑ ከደረጃው ፊት ነው። የድንኳን ገመድ ካስማ ይፈልጋል፤ ካስማ አፈር ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ስንዝር አፈር ሳናስቀር ደፍነነዋል። አርባ ስምንት አባወራ ስንት ወር ሙሉ ተሰብስቦ ስለ ጎማ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ቀለም ሲከራከር አንድም ሰው ሞት ትዝ አላለውም። ለእንግዳ መኪና ሁለት ቦታ የተወ ሊቀመንበር ለዚህ እንግዳ አልተወለትም።

ኦቦ ገመቹ ካስማውን ደረቁ ላይ አቁመው አንዴ መቱት። ካስማው ነጥሮ ሦስት ሜትር ርቆ ወደቀ። ድገሙት አልናቸው፤ ደገሙት፤ በሌላ አቅጣጫ ነጠረ።

«ሰላሳ ዓመት ድንኳን ተክያለሁ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «መሬት እምቢ ያለኝ ዛሬ ነው። ምን አበላችሁት?»

ኮንክሪቱ ያን ያህል በመጠንከሩ ውስጤ ደስ አለው። በሰው ሐዘን መሃል። ይህን የምነግራችሁ እንድትታዘቡኝ ነው።

ሐሳብ ከየአቅጣጫው ዘነበ። ደረቁ አያስገባም፣ እርጥቡ አያቆምም። ዋናው መንገድ ላይ እንዳይሆን ሚኒባሱ ሰው ይጨርሳል። አስከሬኑ እሑድ ከሆስፒታል ይመጣል፣ ለቀስተኛ ግን ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ መምጣቱ ነው። በመጨረሻ አንዱ «አጥር ተሻግሮ ያለው ግቢ ገና ጭቃ ነው፣ እዚያ ይተከል» አለ። ሁሉም ተስማማ። ለዘነበች ማን ይንገራት ሲባል፣ ሁሉም ሰው ሊቀመንበር እንዳለው ትዝ አለው።

እርጥቡን በጣውላ ተሻግሬ ገባሁ። ጫማ ያጣው እግሬ ላይ የእልፍነሽን ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ዘነበች ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ሴቶች ከበዋታል። አላለቀሰችም። ከሆስፒታል ስትመጣም አላለቀሰችም ብለውኛል፤ ደርቃለች።

«ዘኑ፣ እግዜር ያጽናሽ።»

«ይመስገን፣ ጋሽ በላቸው።»

«ድንኳኑን… እዚያ ማዶ ግቢ ብንተክለው ምን ይመስልሻል? ሰፋ ያለ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ከሰው ደጅ?»

«አጥር ብቻ ነው የሚለየው።»

«ጋሽ በላቸው፣ ይሄን አሸዋ ማን ነፋው?»

«ክፍሌ።»

«ስንት ቅዳሜ ማታ ከጆሮው፣ ከፀጉሩ አሸዋ አጥቤያለሁ። መኪና ቦታ አለው። ሞተር ሳይክል ቦታ አለው። ቆሻሻ እንኳ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ደረጃው ላይ የለጠፍከውን አንብቤያለሁ። ክፍሌ ከገዛ ደጁ የሚወጣበት ቦታ ከሌለው ጭቃው ምን ነበረው?»

ነጠላ ጫማው እንዳይንጣጣ በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ወጣሁ።

ውጭ እንደወጣሁ በሕይወቴ በጣም ደፋር የሆነውን ትእዛዝ ሰጠሁ። «እርጥቡን አንሱት! ሳይደርቅ በአካፋ ጥረጉትና አፈሩ ላይ እንትከል!»

ጎልማሶቹ ተያዩ። ጠዋት ሙሉ የደከሙበት ነው። ግን አካፋቸውን አነሱ። የመጀመሪያው አካፋ ሊገባ ሲል የምድር ቤቱ መስኮት በኃይል ተከፈተ።

«እንዳትነኩት!» አለች ዘነበች። «እሱ የነፋውን አሸዋ ልትደፉት ነው?»

መስኮቱ ተዘጋ። አካፋዎቹ ወረዱ። በዚያች ቅጽበት በአንድ ሰው ሐዘን ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩ ሰው ሆንኩ፤ ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

ውሃ መውረጃው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ኦቦ ገመቹም አጠገቤ ቁጭ አሉ። ፊት ለፊታችን ቁጥር ዘጠኝ ላይ የሳሚ መኪና ቆማለች። ሳሚ በስልክ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ ባለታክሲ ነው። ከመኪናዋ ዕቃ መጫኛ እስከ ግድግዳው ሚስማር ድረስ ሲባጎ ተወጥሮ፣ በላዩ የሆነ ሰው ብርድ ልብስ ተሰጥቶበታል። አንቀጽ አሥራ አራት፦ «በቆመ መኪና ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ማሰር በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ተነስቼ ልቆጣ ነበር። ንፋስ ብርድ ልብሱን ወጠረው፤ ሲባጎው ተሳበ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ኦቦ ገመቹ፣ ካስማ የግድ መሬት ውስጥ መግባት አለበት?»

«ገመዱን የሚይዝ ይሁን እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።»

«ስንት ይፈልጋል?»

«ስምንት ትላልቅ።»

«ጎማ ያለው ካስማ ይሆናል?»

ረዥም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አዩ። «ሰውየው» አሉ፣ «አብደሃል። ግን ይሆናል።»

አሁን ደግሞ ስምንት መኪና መለመን ነው። ድንኳኑ ሠልስት እስኪወጣ አይነሳም፤ የታሰረ መኪና ሦስት ቀን አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ሳሚ ጋ ሄድኩ፤ እንጀራው ስለሆነች እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

«ፋዘር፣ የኔን ያዙት» አለኝ። «ባለፈው ክረምት ጭቃ ውስጥ ስቀረቀር ጋሽ ክፍሌ በዚያ ኩላሊቱ ገፍቶኛል። ደሞ ማስጫ ገመዱን ማን እንዳሰረው አላውቅም።»

እስከ ሰባተኛው ድረስ ያለ ችግር ተገኘ። ስምንተኛው የአቶ ሰለሞን ነው። አቶ ሰለሞን ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ወር ያልሞላት የኤሌክትሪክ መኪና ያለው፣ መቀመጫዋ ላይ ያለውን ላስቲክ ገና ያልቀደደ ሰው ነው።

«አቶ በላቸው፣ ሐዘኑ ሐዘኔ ነው» አለ። «ገመዱ ግን ቀለሟን አይልጠውም?»

የምመልሰውን ሳስብ እልፍነሽ ከኋላዬ መጣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገመዱ ላይ ጠመጠመችው።

«አሁን የሚላጠው ነጠላዬ ነው» አለችው።

አቶ ሰለሞን ቁልፉን አወጣ። «አንድ ነገር ብቻ… ስትነቃነቅ አላርሟ ይጮሃል።»

«አጥፋው» አልኩት።

«መመሪያው በቻይንኛ ነው።»

ሰላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት ነገር ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ አገለገለ። በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር የሴት ነጠላ ጫማ ሜዳው መሃል ቆሜ ስምንት መኪና አራት አራት አድርጌ ፊት ለፊት አሰለፍኩ። «ና፣ ና፣ ና… ቁረጥ! ቁረጥ! መልስ… በቃ! ፍሬን ሳብ! ማርሽ አስገባ! ጎማ ሥር ድንጋይ!» ሳሚ ሁለት ቢጫ መስመር ላይ ተጋድሞ ቆመ። በሌላ ቀን ደብዳቤ ይጻፍለት ነበር። ኦቦ ገመቹ ትላልቁን ገመድ በየቸርኬው እያሰሩ፣ እየወጠሩ ዞሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከደረጃው የሚለየው እርጥቡ ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱን በድንጋይና በጣውላ ድልድይ አደረግንለት። ዘነበች በዚያ ድልድይ ተሻግራ ከገዛ ደጇ ወጥታ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ገመዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ለቀስተኛው ከመካኒሳ፣ ከላፍቶ፣ ከየትም መጣ። መግቢያ ላይ ሁሉም ቆም ብሎ ድንኳኑን ያያል፣ መኪናዎቹን ያያል፣ ከዚያ እንዳላየ ሆኖ ይገባል። ያገራችን ሰው ጨዋ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፉሪ ተራራ በኩል ነፋስ ተነሳ። ቄሱ ጸሎት ጀምረዋል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ጸጥ ብሏል። ሸራው ተነፋ፤ ገመዶቹ ተሳቡ፤ የአቶ ሰለሞን መኪና በሙሉ ድምጿ ጮኸች። ዊው፣ ዊው፣ ዊው። ቄሱ ቆም አሉ። መኪናዋም ዝም አለች። ቄሱ ቀጠሉ። ነፋሱም ቀጠለ። መኪናዋም ቀጠለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አቶ ሰለሞን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እየጨመቀ ላብ አጠመቀው። እኔ መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጠኝ ተመኘሁ፤ ግን መሬቱን ማን እንደደፈነው ታውቃላችሁ።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ አራተኛው ጩኸት መጣ። ከሩቅ የመጡ የክፍሌ አክስት ዘነበች አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ መስሏቸው፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጠየቁ፦

«ይቺ አምርራ የምታለቅሰው ልጅ ዝምድናዋ በምንድን ነው?»

ዘነበች በመጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ አለች። አለቀሰች ብለን ነበር፤ ሳቅ ነው። አፏን በነጠላዋ አፍና፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማን ምን ይበል? አንዳንዱ ወደ መሬት አየ። እልፍነሽ አብራት ጀመረች። ከዚያ ዘነበች ቀና ብላ «ክፍሌ ይሄን ቢሰማ… ክፍሌ ይሄን ሳይሰማ…» አለችና ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት። ያ ሁሉ ቀን ደርቆ የነበረው ያኔ ፈሰሰ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ከሷ ጋር ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም። ለማን እንደሆነ በትክክል ባላውቅም ለራሴም ትንሽ ነበረበት።

በማግስቱ አስከሬኑ መጣ። ቤቱ ገብቶ፣ ከቤቱ ወጥቶ፣ ስድስት ወንዶች ተሸክመውት በጣውላው ላይ ቀስ ብለው አለፉ። ሌላው ሰው ሁሉ ሬሳ ሳጥኑን ያያል፣ እኔ ከጣውላው ሥር ያለውን ኮንክሪት እመለከት ነበር። ኃጢአቴን መደበቅ አልችልበትም። አልተሰነጠቀም። መካኒሳ አቦ ቀበርነው።

ሦስቱን ቀን አንድም መኪና አልተነሳም። ሰኞ ጠዋት ስምንቱ ባለመኪና የሚኒባስ ወረፋ ላይ ተገናኘ። አቶ ሰለሞን ከሳሚ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው እዚያ ወረፋ ላይ መሆኑን ራሱ ነግሮኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትለኝ፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ መማር ያሳፍራል ብዬ ዝም ልል አስቤ ነበር። ግን ልንገርህ። ያን ፕላን ስስል ሜዳውን ከላይ ነበር የማየው፤ እንደ ወፍ። ሰው ከላይ ሲታይ አይታይም፤ መኪና ነው የሚታየው። ዘነበች ግን ከመስኮቷ፣ ከሥር ነው የምታየው። ከዚያ ወዲህ ለየትኛውም ግቢ እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ምድር ቤት ያሉትን ቤቶች በሙሉ አንኳኳለሁ። «እዚህ የት ነው የምታለቅሱት? ልጅ ስትድሩ የት ነው የምትጨፍሩት?» እላለሁ። አንዳንዱ እብድ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ሌላው ያስገባኝና ሁለት ሰዓት ያወራኛል። ከሰላሳ አንድ ዓመት ሹፌርነቴ ይልቅ በዚህ አንድ ዓመት ብዙ ሰው አውቄያለሁ፤ አውቶብስ ላይ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር የምኖረው። ደንቡንም ከደረጃው ላይ ገንጥዬዋለሁ። እናንተም ግቢያችሁን ልትደፍኑ ሲሚንቶ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከረጢቱን ከመቅደዳችሁ በፊት እድራችሁን ጥሩ።

እኛም ጥፋታችንን አርመናል። መሰርሰሪያ ተከራይተን፣ ኦቦ ገመቹ በኖራ ባመለከቱን ቦታ ስምንት ጉድጓድ በሳን፣ የብረት ቱቦ ቀብረን ክዳን አደረግንለት። ያለቀ ዕለት ሰው ሁሉ ወጥቶ ከበበው። ዘነበችም ወንበር ይዛ ወጥታ ነበር። ኦቦ ገመቹ አንዱን ክዳን ከፍተው በጣታቸው ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። ግን ልክ መሆኑ ሳይተከል በምን ይታወቃል? አንዴ መሞከር አለበት።»

የለቅሶ ድንኳን ያለ ሟች አይተከልም፤ ሟርት ነው። ኦቦ ገመቹም ያውቃሉ፣ ሁላችንም እናውቃለን። አርባ ስምንት አባወራ ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ ፊቱን በዕድሜ ከሁሉም ወደምበልጠው ወደኔ አዞረ።

«ከክረምት በኋላ ይሁን» አልኳቸው።